ስለት የሚገኘው ከማዕዘን እንጂ ከጉልበት አይደለም

ወታደር ጠመንጃውን ወልውሎ፣ ሳንጃውን አጽድቶ ይውላል። የቤቱ ቢላዋ ግን ደንዞ ሽንኩርት እንኳ መክተፍ ሲያቅተው፣ ዓመት በዓል እስኪደርስ አስታዋሽ አያገኝም። ይህ ቸልታ ጉዳት አለው። የደነዘ ቢላዋ ከተሳለው ይበልጥ እጅ ያቆስላል፤ ኃይል ስለሚጠይቅ ከሥጋው ወይም ከአትክልቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ጣት ይመጣልና። ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ሆኖ ልጆቿን ብቻዋን ለምታስተዳድር እናት የአንዲት ጣት መቁሰል ቀላል ነገር አይደለም።

በካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በመሰለ የፋብሪካ ሰፈር ክቡን መሳያ ድንጋይ የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ጎዳናዎች ደግሞ ቢላዋ ሳዩ ድንጋዩን ከብስክሌቱ ጋር አያይዞ በፔዳል ያዞረዋል። ሁለቱም ፈጣኖች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በፍጥነት የሚዞር ደረቅ ድንጋይ ብረቱን ያግላል። የስለቱ ጠርዝ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ጠርዝ ጥንካሬውን ስላጣ ቶሎ ይደነዝዛል። ከዚህም በላይ የስለቱ ማዕዘን በሳዩ እጅ ላይ ብቻ የተመሠረተ ይሆናል።

ስለዚህ በጓዝ ውስጥ ተጠቅልሎ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዛወር፣ ማዕዘኑም የማይለዋወጥ የመሳያ መሣሪያ በቤት ውስጥ እንዲዘጋጅ እንመክራለን። የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው፦ አንድ ፊቱ ሻካራ፣ ሌላው ለስላሳ የሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሳያ ድንጋይ፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጣውላ፤ አንድ ጎኑ 5፣ ሌላው ጎኑ 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠርብ እንጨት፤ እንዲሁም ያረጀ የቆዳ ቀበቶ።

ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ከላይና ከታች በጣውላው ላይ ቀጫጭን እንጨቶች ይመቱ። ከጣውላው የታችኛው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ከሥሩ ምልክት ይደረግ፤ ጠርቡም ዘወትር በዚያው ምልክት ላይ ይደገፍ። ጠርቡ በ7 ሳንቲ ሜትር ቁመቱ ሲቆም ድንጋዩ 20 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ይህ ለሥጋና ለልዩ ልዩ ሥራ ለሚውል ቢላዋ ተስማሚ ነው። በ5 ሳንቲ ሜትሩ ሲቆም 15 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ይህም ለቀጭን የአትክልት ቢላዋ ይበጃል። ማዕዘኑ ሲጠብ ስለቱ በቀላሉ ይቆርጣል፤ ነገር ግን አጥንት ሲነካ ቶሎ ይሸረፋል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ድንጋዩ እንደ ዓይነቱ በውኃ ወይም በዘይት ይራስ፤ ከጣውላው በታች እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ። የቢላዋው ስለት ወደ ላይኛው የድንጋዩ ጫፍ ዞሮ፣ ገጽታው ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ያለ ኃይል ወደ ላይ ይገፋ። ዓይን አግድም መስመርን በቀላሉ ስለሚለይ፣ ማዕዘኑን የሚጠብቀው ድንጋዩ ይሆናል። ለሌላው ጎን ቢላዋው ተገልብጦ በሌላው እጅ ይያዝ።

ስለቱ አስቀድሞ ጥላሸት ቢቀባ ስሕተቱን ራሱ ይናገራል። ጥላሸቱ ከጫፉ ላይ ሳይለቅ ከበላዩ ብቻ ከለቀቀ፣ የቢላዋው ጀርባ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ ደግሞ ጀርባው ከፍ ብሏል።

ከተሳለው ጎን በስተጀርባ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጠርዝ ለጣት ሲሰማ ወደ ሌላው ጎን ይታለፍ። ሲዳሰስ ጣት ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ ይሂድ እንጂ በስለቱ ርዝመት አይሄድም። በመጨረሻም በለስላሳው ፊት ቀስ ብሎ እየተፈራረቀ ይሳል፤ ከዚያም በቀበቶው ላይ ስለቱ ወደ ኋላ ሆኖ ይጎተት። የበሰለ ቲማቲም ያለ ጭነት ከቆረጠ ሥራው ተፈጽሟል።

ባል ወደ ግዳጅ ከመሄዱ በፊት ይህን መሣሪያ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ቢሠራውና አብረው ቢሞክሩት፣ እርሱ በሌለበትም ቤቱ የሠለጠነ እጅ አያጣም። የተሳለው ቢላዋ ግን ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።