ከሳሎን ወደ ወንዝ የሚወርደው ዓሣ



ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገድና ስለ መብራት በሚጻፍበት በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ትናንሽ ዓሣዎች ለመጻፍ መነሣቴ አንዳንዱን አንባቢ ፈገግ እንደሚያሰኘው አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ ከዓሣዎቹ መጠን እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ያነሣሣኝ በራሴ የማስተማሪያ ክፍል የሆነ ነው። ለሥነ ሕይወት ትምህርት መርጃ ይሆኑን ዘንድ ከከተማ ሱቅ አምስት ጎልድፊሾች ገዝተን በመስታወት ገንዳ ውስጥ አኑረን፣ ተማሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ በተራ ሲመግቧቸው ቆዩ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ማን ይውሰዳቸው የሚል ጥያቄ መጣ። አንዲት ተማሪ «መምህር፤ እዚህ በረኃብ ከሚያልቁ ወንዝ ብንለቃቸው አይሻልም ወይ?» አለችኝ። እኔም ርኅራኄዋ ደስ አሰኝቶኝ «መልካም አሳብ ነው» አልኋት። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ግን የተናገርሁት ከነከነኝ፤ በማግሥቱ ማልጄ ሄጄ ቃሌን መለስሁ። ዓሣዎቹም እስከ ዛሬ በእኔ ቤት ይኖራሉ። የሙያው መምህር የሆነ ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ ሌላውን በምን አፉ ይወቅሳል? ስለዚህ የምጽፈው ለማሳሰብ እንጂ ለመውቀስ አይደለም።

እንግዲህ የችግሩ ሥር ይህ ነው። የጌጥ ዓሣን ወደ ወንዝ የሚለቀው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ዓሣው ሲያድግበት፣ ወይም ቤት ሲቀይር፣ ወይም ገንዳውን ማጠብ ሲሰለቸው፣ መግደሉ ስለሚያሳዝነው ይለቀዋል። በዚህ ዓይነት ርኅራኄ ምን እንደ ደረሰ ግን ከሌሎች አገሮች መማር እንችላለን።

በአሜሪካ በፍሎሪዳ ጠረፍ በ1985 ላየንፊሽ የሚባለው፣ መርዘኛ እሾህ ያለው የጌጥ ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ በባሕር ውስጥ ታየ። የትውልድ ቦታው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሆን፣ ወደዚያ የደረሰው ከሰዎች ገንዳ ተለቆ እንደ ሆነ ይታመናል። በአዲሱ ቦታ የሚደፍረው ጠላት በማጣቱና አንዲት እንስት በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ዕንቁላል ልትጥል የምትችል በመሆኗ፣ ዛሬ የካሪቢያንን ባሕር ሞልቶ የአገሬውን ትናንሽ ዓሣዎች ይውጣል። የፍሎሪዳ መንግሥት ላየንፊሽ በሕይወቱ ወደ ግዛቱ እንዳይገባ የከለከለው በ2014 ነበር። ከ1985 እስከ 2014 ያለውን ዓመት አንባቢ ይቍጠረው፤ በሩ የተዘጋው ሌባው ቤቱን ከወረሰ በኋላ ነው።

«የእኛ አገር ደጋ ነው፤ የሞቃት አገር ዓሣ በብርዱ ይሞታል» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ክርክሩ በከፊል እውነት አለበት፤ ሆኖም ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ በካናዳ ባንፍ በሚባለው ብርዳም ተራራማ ስፍራ ፍል ውሃ የሚወርድበት ረግረግ አለ። በዚያ ረግረግ ብቻ እንጂ በዓለም በሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ትንሽ ዓሣ ይኖር ነበር። በ1924 ትንኝ እንዲበሉ ተብሎ እንግዳ ዓሣዎች ተጨመሩበት፤ ከዚያም በኋላ ሰዎች ከየቤታቸው የሞቃት አገር የጌጥ ዓሣዎችን እያመጡ ለቀቁበት። ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ፣ የአገሬው ዓሣ በ1980ዎቹ ፈጽሞ ከምድር ጠፋ። የእኛም አገር ፍል ውሃ የሞላባት መሆኗን፣ አዋሽና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ደጋ አለመሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ጎልድፊሽ ብርድ አይፈራም። በምዕራብ አውስትራልያ ቫስ በሚባለው ወንዝ የተለቀቁ ጎልድፊሾች ወደ 2 ኪሎ ግራም እስከሚጠጋ ክብደት አድገው ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎች ከተከታተሏቸውም አንዱ በአንድ ዓመት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዟል። በብርጭቆ ውስጥ የምናውቀው ያ ትንሽ ዓሣ ማለት ነው! ወንዙንም እየቆፈረ ያደፈርሳል፤ የሌሎችን ዕንቁላል ይበላል፤ በሽታና ጥገኛ ትልም ይዞ ሊገባ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምንጠብቀው ሀብት ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ጣና ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉት ዓሣዎች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ አግዶ ኖሯል። በዚህም መለየት የተነሣ ከአንድ ወገን የሆኑ፣ ሊቃውንት ላቤዮባርበስ የሚሏቸው 15 ያህል ዓይነት ትልልቅ ዓሣዎች በሐይቁ ውስጥ ይኖራሉ። አንዱ ቅጠል ሲበላ ሌላው ነፍሳት ይለቅማል፤ ከፊሎቹም የመንጋጋ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ብዙዎቹ ከጣና በቀር በሌላ ቦታ አይገኙም። ጎልድፊሽም ከእነዚሁ ከጣና ዓሣዎች ጋር በሩቅ የሚዛመድ ስለ ሆነ፣ የእርሱ በሽታ ለእነርሱ ባዕድ አይሆንባቸውም። ከጣና የጠፋ ዓይነት ከዓለም ጠፋ ማለት ነው፤ ከየትም አገር በግዥ አይተካም።

የጌጥ ነገር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከእምቦጭ የበለጠ መምህር የለንም። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ሲሆን፣ በአበባው ማማር ምክንያት ሰዎች ከአገር ወደ አገር ይዘውት ዞሩ። በአገራችን በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲገዛ፣ ዘመቻ ሲጠራ አይተናል። ለማስገባት የአንድ ሰው እጅ ይበቃል፤ ለማስወጣት ግን የብዙ ሺህ ሰው ክንድ አልበቃም። አያ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

«ዱባ የሚባለው ዓሣ ከውጭ መጥቶ በዝዋይ ሐይቅ ሰው እየመገበ አይደለምን?» የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለምግብ የሚገባ ዓሣ ግን ጥቅሙና ጉዳቱ በባለሙያ ሊመዘን ይችላል፤ ሊመዘንም ይገባል። ከሳሎን የሚለቀቀውን ዓሣ ግን ማንም አይመዝነውም፤ ለቃቂውም ፈቃድ አይጠይቅም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚከለከሉትን ብቻ እየዘረዘሩ መሄድ ዘወትር ዘግይቶ መድረስ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ዓሣ በክልከላው መዝገብ የሚገባው ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነውና። አውስትራልያ ግን ነገሩን ገልብጣ፣ ተመርምረው በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የተጻፉት ብቻ እንዲገቡ፣ ያልተጻፈው ሁሉ እንደ ተከለከለ እንዲቈጠር አድርጋለች። ለእኛም የሚሻለው ይኸው ይመስለኛል። ብርድ የሚችሉትንና በወንዞቻችን ሊራቡ የሚችሉትን፣ ተማሪዎቼ የወደዱትን ጎልድፊሽ ጭምር፣ ከዝርዝሩ ውጭ ማድረግ ነው።

በእጃቸው ያለውን ዓሣ ግን ባለቤቶቹ እስኪሞት ድረስ እንዲያኖሩት መፍቀድ ይገባል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2014 ባወጣው ደንብ እንዲህ ዓይነት ፋታ ለባለቤቶች ሰጥቷል። ቅጣት የፈራ ሰው ዓሣውን በሌሊት ወንዝ ይደፋዋልና፣ ፋታ የሌለው ክልከላ ራሱ ጉዳት ያመጣል። ነጋዴውም ያልተፈለገ ዓሣን መልሶ እንዲረከብ ቢታዘዝና «ወደ ወንዝ አይለቀቅ» የሚል ጽሑፍ በሱቁ ቢሰቀል፣ ወጪው ከአንድ ወረቀት አይበልጥም።

አገራችን የብዝኀ ሕይወትን ስምምነት በ1994 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ጉዳት የሚያመጡ መጤ ዝርያዎችን መከላከልን ያዛል። በ2022 በሞንትሪያል በተደረሰው ውሳኔም ዓለም የእነዚህን ዝርያዎች መግባት እስከ 2030 ቢያንስ በግማሽ ለመቀነስ ተስማምቷል። በ2003 የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅም አለን። ስለዚህ ነገሩ በጉምሩክ፣ በግብርናና በአካባቢ ጥበቃ ጠረጴዛዎች ላይ ያለ ሥራ ነው። ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል ብዙዎቹ በእነዚያ ጠረጴዛዎች ዘንድ እንደሚቀመጡ አምናለሁ። በእንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ውስጥ የሚዋኘውን ዓሣ ነገ ጧት ሲያዩ፣ ቢሮው ሲቀየር የት እንደሚሄድ እንዲጠይቁልኝ እለምናለሁ።

ተማሪዬም በመጨረሻ «ታዲያ ማዘን ክፉ ነው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ማዘን ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ለምናየው ለአምስቱ ስናዝን፣ በውሃው ውስጥ ለማናያቸውም እንድናዝን ያስፈልጋል ብዬ መለስሁላት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ