ቀላል የአደን ጠመንጃ ለሚሻ ሰው

አያቶቻችን ጠመንጃን እንደ ፈረስ በስሙ ያውቁት ነበር። ሰናድር፥ ውጅግራና ምንሽር የተባሉት ከባሕር ማዶ የመጡት ስናይደር፥ ግራ እና ማንሊኸር ናቸው፤ ስማቸው በአማርኛ አፍ ለዝቦ ቀረ። ከእነዚህ መካከል ውጅግራ፥ ማለት የፈረንሳዮች የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት፥ ጥይት ሳይጐርስ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለዘማች ይህ ብዙ አያስከፋም፤ ገደል ለገደል ለሚንከራተት አዳኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ውድ አንባቢ፥ ይህን ለመረዳት ጠመንጃ መግዛት አያሻዎትም። 4 ኪሎ ስኳር በከረጢት አንግተው ከብሥራተ ገብርኤል በሳር ቤት በኩል እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በእግርዎ ይሂዱ። ሲመለሱ 1 ኪሎ ተኩሉን ለወዳጅዎ ያስይዙት። ትከሻዎ ልዩነቱን ይነግርዎታል፤ መንገዱም አስፋልት ነው። አሁን ደግሞ ራስዎን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጠው በአርሲና በባሌ ደጋ፥ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ያስቡት። በዱር ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን የሚኖረው እዚያ ነው። ቡክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. አድኖ ባይወስደው ኖሮ የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ እንስሳው ለማወቅ ገና በቆዩ ነበር።

አንድ ተማሪዬ፥ «እንግዲያውስ ለምን 2 ኪሎ አያደርጉትም?» አለኝ። መልሱ በፊዚክስ ደብተሩ ውስጥ አለ። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወነጨፍ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። ያው ጥይት በ4 ኪሎ ጠመንጃ ፈንታ በ2 ኪሎ ተኩል ጠመንጃ ቢተኰስ፥ ትከሻን የሚመታው ጉልበት 1.6 እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህን የቀመሰ ተኳሽ ቃታውን ሳይስብ ዐይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ሳንባው ላይ ሊመታ የሚገባው አጋዘን ሆዱን ይመታና አስታው ውስጥ ይገባል፤ ሲሠቃይ አድሮ የጅብ ራት ይሆናል። እኔ ከአደን ነገር ሁሉ የምጠላው ይህን ነው።

ስለዚህ ጠመንጃው ሲቀል ጥይቱም ልከኛ ይሁን። ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው 7 ሚሊ ሜትር መውዘር እስከ 300 ኪሎ ለሚመዝነው አጋዘን፥ እርሳሱ በደንብ የተሠራ ከሆነ፥ ይበቃል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም የዘለቀው ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል ከ1000 በላይ ዝሆን የገደለው አብዛኛውን በዚህ ጥይት ነው። ጭካኔው ይቅርብን፤ ነገር ግን የዝሆንን ሰውነት ውስጡን እንደ መጽሐፍ ያውቅ ስለ ነበር ትልቅ ጥይት አላስፈለገውም።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያንብቡ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። የአደኑ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይጠየቃል። በባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው።

ጠመንጃው ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ይጥበቁ። ቀጥሎ አንድ ወረቀት በአፈሙዙ በኩል በብረቱና በእንጨቱ መካከል ያሳልፉ፤ ወረቀቱ ከያዘ እንጨቱ ብረቱን እየገፋው ነውና ጥይቱ አንድ ቦታ አያርፍም። መነጽሩም ከዐይንዎ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ቀላል ጠመንጃ ቅንድብ መሰንጠቅ ይወዳል። ማንገቻው ሰፊ ይሁን።

ዒላማውን በ100 ሜትር ያቁሙና ተቀምጠው ይተኩሱ። ተኝቶ የሚተኩስ ሰው ምቱን ሁሉ በትከሻው ይቀበላል። ከውጭ አገር የመጣ የጥይት ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው፤ በደጋችን አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ በሩቅ ርቀት ሠንጠረዡ ከሚለው ከፍ ብሎ ይመታል። እንግዲህ የመጨረሻው ሙከራ አደኑ በሚደረግበት ከፍታ ይሁን።

ቀጭን ብረት ቶሎ ይግላል፤ ሲግልም ጥይቱን ይበትናል። 3 ጊዜ ተኩሰው ብረቱ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ይጠብቁ፤ በመካከሉ ቡና ቢጠጡ ጊዜው አይባክንም። ከሦስቱም አብልጠው የሚመለከቱት የመጀመሪያዋን ጥይት ይሁን፤ አጋዘኑ ፊት የሚተኰሰው በቀዝቃዛ ብረት ነውና።