ስለ ቍስል ጠባቂዎች ጉዞ

ልጅ ሲሮጥ ወድቆ ጉልበቱ በተላጠ ጊዜ እናቱ ደሙን ጠርጋ እንባውን ካበሰች በኋላ ነገሩ በዚያው ያበቃ ይመስላታል። ነገር ግን ትልቁ ሥራ የሚዠምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰውነታችን የተሠራባቸው፥ በዓይን የማይታዩ፥ ሕዋሳት የሚባሉ ሕያዋን ክፍሎች ወደ ቍስሉ ይጓዛሉ። ዛሬ ስለዚህ ጉዞ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለው የመስኮብ ሊቅ በ1882 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሲሲልያ ደሴት በመሲና ከተማ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ቤተ ሰቦቹ የዝንጀሮ ጨዋታ ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄዱ፥ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋራ ብቻውን ቀረ። ከአትክልቱ ቦታም የጽጌረዳ እሾህ ቈርጦ፥ ሰውነቱ እንደ መስተዋት ውስጡን በሚያሳይ፥ ገና ባላደገ የባሕር ኮከብ ቆዳ ሥር ሰካው። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው ዐድሮ በነጋ ጊዜ ቢመለከት፥ ተንቀሳቃሾቹ ሕዋሳት እንደ ዘብ ጭፍራ እሾሁን ከበውት አገኘ። ይህንኑ መንገድ ተከትሎ በደከመበት ምርምር በ1908 ዓ. ም. ከጀርመናዊው ሊቅ ከፓውል ኤርሊክ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

ዛሬ መሣሪያው እጅግ ረቋል። ብርሃን ሲበረታ ሕያውን ሕዋስ ስለሚጐዳ፥ ኤሪክ ቤትዚግና ባልደረቦቹ በ2014 ዓ. ም. ብርሃኑን እንደ ስስ ወረቀት አድርጎ በአንድ ጊዜ አንዱን ንብር ብቻ የሚያበራ ማይክሮስኮፕ ገለጹ። በ2018 ዓ. ም. ደግሞ ስልቱን አሻሽለው፥ በሕያው የዜብራ ዓሣ ጫጩት ጆሮ ውስጥ ጠባቂ ሕዋስ ሲዘዋወር አሳዩ። ሕዋሱ እግር የለውም፤ ፊቱን እንደ ሊጥ ይዘረጋል፥ በዘረጋው ይጨብጣል፥ ኋላውንም ይጐትታል። በአንድ ደቂቃ የሚሄደውም የሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያኽል ነው።

ይህ ርምጃ ታናሽ ቢመስልም የሕይወትና የሞት ነገር ነው። ነጭ የደም ሕዋሳቸው የደም ሥሩን ግድግዳ መጨበጥ ተስኖት የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ጠባቂው በደማቸው ሞልቶ ሳለ ወደ ቍስሉ ሊወጣ ስለማይችል ጥቂት ጭረት እንኳ ያሰጋቸዋል። በሌላ ወገን የካንሰር ሕዋስ በዚሁ አካሄድ ከተነሣበት ስፍራ ወደ ሌላ ብልት ይሻገራል፤ ካንሰር ከሚገድላቸው ሰዎች የሚበዙትም የሚሞቱት በዚህ መዛመት ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሚደክሙት ጠባቂውን ሳያሰናክሉ ወራሪውን ለማቆም ነው።

ለኛ ለወላጆች የሚገባን ግን ቀላል ነው። ቍስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥበን በንጹሕ ጨርቅ እንሸፍን፤ ዐመድና እበት አናድርግበት፤ ቅላቱ ቢሰፋ ወይም ትኵሳት ቢነሣ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንውሰደው። ጠባቂዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ የኛ ድርሻ የሚደክሙበትን ስፍራ በንጽሕና መጠበቅ ነው።