«አልጠጣም፤ ጠላ ብቻ ነው»

እኛ ዘንድሮ ፋሲካን ያሳለፍነው ዓለም ከተማ፣ ታናሽ እህቴ ቤት ነው። የዛሬው ጨዋታችንም ከዚያው ገበታ ላይ የተነሣ ነው።

የወንድሜ ልጅ ከሞስኮ ለእረፍት መጥቶ ነበር። ሙከ ጡሪንና ለሚን አልፎ፣ የጀማን ቁልቁለት ወርዶና ዳገቱን ወጥቶ እህቴ ቤት ሲደርስ፣ ሻንጣው ውስጥ በፎጣ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች ነበሩ። አባቱ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ በ1970ዎቹ ሌኒንግራድ የተማረ ሰው ነውና «የወጣትነቱን ጣዕም ያስታውስ» ብሎ ነው ያመጣለት። ሦስቱ ባልቲካ የሚባል ቢራ ናቸው፤ የሚለዩት በቁጥር ነው፤ 3፣ 7 እና 9። አራተኛው የላስቲክ ጠርሙስ ክቫስ የሚባለው መጠጥ ነው።

ወንድም ጋሼ ባልቲካውን አገላብጦ አየና «እኔ በነበርኩበት ጊዜ ይኼ አልነበረም፤ የኛ ዢጉሌቭስኮዬ ነበር» አለ። እውነቱን ነው፤ የባልቲካ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ክቫሱን ሲያይ ግን ፊቱ በራ።

ለሁላችንም በትንሽ በትንሹ ተቀዳልንና መቅመስ ጀመርን። ቁጥር 3 ከኛ የጠርሙስ ቢራዎች እምብዛም አይርቅም፤ ቀለል ያለ፣ መጨረሻው ላይ መረር የሚል ነው። ቁጥር 7 ላይ ብቅሉ ጎላ ይላል። ቁጥር 9 ግን ለብቻው ነው። ሲገባ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮ ሲደርስ ያቃጥላል፤ የአልኮል መጠኑ 8 በመቶ ነው። እህቴ «ይኼስ ጠጅ ነው!» አለች። ክቫሱን ስትቀምስ ደግሞ «ቅራሪ!» ብላ ሳቀች። አልተሳሳተችም። ክቫስ የሚዘጋጀው ራይ ከሚባል የስንዴ ዘመድ እህል የተጋገረ ጥቁር ዳቦ ደርቆ፣ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእርሾ ጥቂት እንዲፈላ ተደርጎ ነው። አልኮሉ 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው።

በመጨረሻ የእህቴ ጠላ መጣ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ታጥኗል፤ ጌሾው ተጠንስሶ፣ ብቅሉና ቂጣው ገብቶ፣ ድፍድፉ ሰንብቶ፣ እንኩሮው ተጨምሮበት የደረሰ ነው። ፈረንጆች በሆፕስ የሚያመጡትን ምሬት እኛ በጌሾ እናመጣዋለን። የወይራውን ጭስ ግን ከየትኛውም ጠርሙስ አላገኘነውም። ልጁ ሳይቀር ለጠላው ፈረደ።

ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእህቴ ባል ቢራው ሲዞር «እኔን ይለፈኝ፤ የስኳር መድኃኒት እየዋጥኩ መጠጥ አልጠጣም» ብሎ ነበር። ሁላችንም «ጎበዝ!» አልነው። ጠላው ሲመጣ ግን ጣሳውን ዘረጋ። እህቴ ሞልታ ቀዳችለት። ማንም ምንም አላለም። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም ያንን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።

ጤና ጣቢያ በምሠራበት ዘመን ለታካሚ ካርድ ስሞላ «መጠጥ ይጠጣሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «አይ፣ አልጠጣም፤ ጠላ ብቻ ነው» ይሉኛል። እኔም «አይጠጣም» ብዬ እጽፋለሁ። ጠላ እየጠጣሁ ያደግሁ ሰው ነኝና ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አባት በሰው ተደግፈው መጡ። ላብ አጥምቋቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ተወላግዷል፣ አፋቸው ጠላ ጠላ ይሸታል። ያመጧቸው ሰዎች «ጠጥተው ነው፤ ትንሽ ይተኙ» አሉ። እኔም አመንኩና አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኛኋቸው። ደግነቱ አንድ ነባር ባልደረባዬ ብቅ ብሎ «ስኳራቸውን ለክተሻል?» አለኝ። አልለካሁም ነበር። ሲለካ እጅግ ወርዶ ተገኘ። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሲሰጣቸው ዓይናቸውን ገለጡ። ካርዳቸው ሲወጣ የስኳር ክኒን የሚወስዱ ሰው ናቸው፤ መጠጥ በሚለው ቦታ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ «አይጠጣም» ይላል። እሳቸው ዳኑ። እኔ ግን ያንን ካርድ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን ጉበታችን ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ አዲስም ይሠራል። አልኮል ሲገባ ግን ይህ ሥራ ይስተጓጎላል። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የዋጠ ወይም ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ደግሞ ስኳሩ ቀድሞውኑ እየወረደ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሰውየው ይወድቃል፤ ያየው ሁሉ «ሰከረ» ይላል።

እስቲ እናስላው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል ይይዛል። ጠላ እንደ ጠማቂው ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ፊልተር የሚባለው 5 እና 6 ይደርሳል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ባለ 4 በመቶ ጠላ ቢሞላ 16 ግራም ገደማ ነው። አንዷ ጣሳ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ በለጠች ማለት ነው። ጠርሙሱ መጠኑ ተጽፎበታል፤ ጣሳው ላይ ምንም አልተጻፈም። በዚያ ላይ «በሞቴ» አለ!

ሩስያዎችም ከኛ አልተሻሉም። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ10 በመቶ በታች አልኮል ያለው መጠጥ በሕጋቸው የሚታየው እንደ ምግብ ነበር። በዚያ ዓመት ሕግ ወጥቶ ነው ቢራ ከአልኮል መጠጥ ተራ የገባው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቤታችን ውስጥ ግን ለሕፃን ልጅ ጠላ እየቀመስን «ይጠንክር» እንላለን።

የእህቴ ባል ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ጠላም ልተው ነው?» አለኝ፤ ቅር ብሎታል። «ለዛሬ ጣሳውን አስቀምጥልኝ፤ ቀጠሮህ ሲደርስ ለሐኪምህ በጣሳ ቁጥር ንገረው» አልኩት። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ፣ «ትጠጣላችሁ?» ስትባሉ ጠላውን ቁጠሩት። ነፍሰ ጡር ምንም ያህል ብትጠጣ ደኅና ነው የሚባል መጠን የለም። የስኳር ሕመምተኛ ካላበውና ከተንቀጠቀጠ፣ የጠጣ ቢመስልም፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለችልኝ። ባሏ ቀጠሮው ደርሶ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ «ይጠጣሉ?» ሲለው «በቀን ሁለት ጣሳ ጠላ» ብሎ መለሰ። ሐኪሙም ብዕሩን አንሥቶ ጻፈው።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።