ሥዕሉን ይዞ ደብዳቤውን መጣል

የታሪክ ትምህርት በመርጃ መሣሪያ ሲደገፍ ይጥማል፤ በዚህ ሁላችንም እንስማማለን። ነገር ግን አሮጌ ዕቃ ይዞ ክፍል መግባት ብቻውን ማስተማር አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባለሥዕል ፖስታ ነው።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1861 ሲፈነዳ የሰሜኑ ማተሚያ ቤቶች ሰንደቅ ዓላማ፣ ንስር፣ የጆርጅ ዋሽንግተን መልክና በጠላት ላይ የሚያፌዝ ካርቱን ያለባቸውን ፖስታዎች ይቸበችቡ ጀመር። የሥዕሉ ዓይነት በሺህ የሚቆጠር ነበር። ወታደሩ በዚሁ ፖስታ ለእናቱና ለሚስቱ ይጽፋል። ለቴምብር 3 ሳንቲም ቢያጣ እንኳ «የወታደር ደብዳቤ» ተብሎ በመኮንን ፊርማ ይላክለታል፤ ሒሳቡን ተቀባዩ ይከፍላል።

መሰብሰቡም ያኔውኑ ተጀመረ። ብዙ ሰው አንዲት ቃል ሳይጽፍበት እየገዛ አልበም ውስጥ ይለጥፈው ነበር። እንዲህ ያለው ፖስታ ንጹሕ ነው፣ ዓይን ይስባል። ታዲያ ጦርነቱን ባልዘመተ ፖስታ ላይ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንም ወይ?

በእኛ አስተያየት ሥዕሉ የሚነግረን አታሚው ሊሸጥ የፈለገውን እንጂ ወታደሩ ያሰበውን አይደለም። እስቲ አንድ ምሳሌ እንይ። በዚያው በ1861 ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር ቨርጂንያ ውስጥ ወደ ፎርት ሞንሮ ያመለጡትን ባሮች «የጦርነት ኮንትሮባንድ» ናቸው ብሎ ለጌቶቻቸው አልመልስም አለ። አታሚዎቹ ነገሩን ወዲያው ወደ ፌዝ ለወጡት፤ ጥቁሩን ሰው በፖስታ ላይ መሳቂያ አደረጉት። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1865 እስኪያበቃ ግን ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በሰሜኑ ጦር ተሰልፈዋል። ሥዕሉን ብቻ ያየ ተማሪ ፌዙን ተምሮ ይወጣል። ያስጠላል ብሎ ከአልበሙ የሚያወጣው ሰብሳቢም ቢሆን ማስረጃ ያጠፋል።

በደቡቡ በኩል ደግሞ ወረቀት ሲጠፋ ሰዉ ከግድግዳ ወረቀት ፖስታ ይሠራ፣ የተላከለትን ፖስታ ገልብጦ እንደገና ይልክበት ነበር። ይሄ ንስርም ባንዲራም የለበትም፤ ስለ ችግሩ ግን ከባለሥዕሉ የበለጠ ይናገራል።

«ሥዕሉ ልጆቹን ከሳበ ምን ቸገረ?» የሚሉ አይጠፉም። መሳቡማ ደግ ነው። ከሳበ በኋላስ? መምህሩ ሥራውን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፦ ማን አተመው? ማን ጻፈበት? ማኅተሙ ከየት ተነሣ ይላል? ውስጡ ያለው ደብዳቤ ከላይ ካለው ሥዕል ጋር ይስማማል?

ስለዚህ እጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ተማሪ አሮጌ ደብዳቤ ከቤቱ ይዞ ቢመጣ ቴምብሩን አንላጥ፣ ሥዕሉን አንቁረጥ፣ ፖስታውን ከደብዳቤው አንለይ። ሥዕሉ የአታሚው ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የሰውየው ነው። ሁለቱን አብረን እናስነብብ እንላለን።