ከሕንድ የመጡ ጎረቤቶቻችንን ታሪክ እንወቅ



እኛ ቤተ እስራኤል ስለ ሱዳን መንገድ፣ ስለ ሲግድ፣ ስለ ቄሶቻችን ደጋግመን እናወራለን። ልክ ነው፣ ልጆቻችን ካልሰሙት ይጠፋል። ግን እዚሁ ቤርሸባ ከብዙዎቻችን 30 ዓመት ቀድመው የገቡ፣ እኛን የመሰለ ፈተና ያዩ ሰዎች አሉ። የሕንድ አይሁዶች ማለታችን ነው። ስለ እነሱ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቤኔ እስራኤል የሚባሉት በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ በኮንካን መንደሮች ዘይት እየጨመቁ ይኖሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «ሻኒቫር ቴሊ» ይሏቸው ነበር፣ የቅዳሜ ዘይት ጨማቂዎች ማለት ነው። ቅዳሜ ሥራ ስለማይነኩ የወጣላቸው ስም ነው። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? የእኛም አባቶች ብረት ቀጥቅጠው፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠርተው፣ ሰንበት ስትገባ ሥራቸውን ያቆሙ ነበር። በእጅ ሥራቸውም ስም ወጥቶላቸዋል፤ የእኛው ስም ደግሞ ስድብ ነበር።

በደቡብ ሕንድ፣ በኮቺን ከተማ ደግሞ አብርሃም ባራክ ሳሌም የሚባል ጠበቃ ነበር (1882–1967)። በ1568 በተሠራው የፓራዴሲ ምኩራብ የእሱ ወገኖች የነፃ የወጡ ባሪያዎች ዘር ናችሁ እየተባሉ ከሌሎቹ እኩል አይቀመጡም፣ ኦሪት ለማንበብም አይጠሩም ነበር። ሳሌም ዱላ አላነሣም። እንደ ጋንዲ በሰላማዊ እምቢታ ዓመታት ታገለ፣ ልማዱም ቀስ በቀስ ተሰበረ። «የአይሁድ ጋንዲ» የሚባለውም ለዚህ ነው። አይሁድ አይሁድን በገዛ ምኩራቡ ሲንቅ ዝም አላለም። ከኮቺን የመጡት ሰዎች ምኩራብና ሙዚየም ዛሬ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በኔቫቲም ሞሻቭ ይገኛል።

ወደ እስራኤል ከመጡ በኋላስ? በ1951ና 52 ቤርሸባ ከሰፈሩት የቤኔ እስራኤል ሰዎች መካከል «በቀለማችን ተናቅን፣ ወደ ሕንድ መልሱን» ብለው ሰላማዊ ሰልፍ የወጡ ነበሩ። በ1962 ደግሞ ዋናው ራባኑት፣ ቤኔ እስራኤል ሌላ አይሁድ ማግባት ሲፈልጉ ዘራቸው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይመርመር የሚል መመሪያ አወጣ። ሰዎቹ ዝም አላሉም። በ1964 በጋ ልጆቻቸውን ይዘው ኢየሩሳሌም ላይ ተሰለፉ። በጠቅላይ ሚኒስትር ሌዊ ኤሽኮል ጊዜ የነበረው መንግሥትና ክኔሴቱ፣ ቤኔ እስራኤል በሁሉም ነገር ሙሉ አይሁድ ናቸው ብለው ቆሙላቸው። ራባኑትም የእነሱን ስም ከመመሪያው አወጣ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የወጣው ስማቸው ነው። «የሚያጠራጥር ሰው ይመርመር» የሚለው ሐሳብ ግን እዚያው ቀረ።

ከ21 ዓመት በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታችንን መስክረው እያለ፣ ልናገባ ስንል «መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ግቡ» ተባልን። ለሃይማኖታችን ስንት መከራ ያየን ሰዎች፣ ያ ለእኛ ጥምቀት ነበር። በ1985 መስከረምና ጥቅምት ሽማግሌዎቻችን፣ ቄሶቻችንና ወጣቶቻችን ኢየሩሳሌም ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ሕንዶቹ የቆሙበት ከተማ፣ ያንኑ ጥያቄ ይዘን።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ለብቻው ሲታገል የሚከፈተው በር ለራሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው እንደገና ማንኳኳት አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እኛም የሕንዶቹን ታሪክ ብናውቅ፣ እነሱም የእኛን ቢያውቁ፣ ነገ የሌላ ሰው አይሁድነት ሲጠረጠር ሁለታችንም አብረን እንነሣለን።

«የራሳችን ታሪክ እንኳ በትምህርት ቤት በደንብ ሳይነገር የሕንድን ምን እናድርገው?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቅሬታቸው እውነት ነው፣ እኛም እንጋራዋለን። ነገር ግን ልጃችን ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሆና ስለ 1985 ከምትናገር፣ አጠገቧ የተቀመጠው የሕንድ ልጅ «የእኔም አያት በ1964 እንዲህ አድርገዋል» ቢላት አይሻልም? ያኔ ነገሩ የኢትዮጵያውያን አቤቱታ መሆኑ ቀርቶ የአገሩ ታሪክ ይሆናል።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ፎቅ ላይ ያሉትን የሕንድ እናት ቡና እንጥራቸውና ስለ ማሊዳ በዓላቸው ይንገሩን። በሲግድ ቀን እንጋብዛቸው። ልጆቻችንን ይዘን አንድ ቀን ኔቫቲም እንውረድ። ማትናሱም ለሁለቱ ማኅበረሰቦች ሽማግሌዎች አንድ ምሽት ያዘጋጅልን። ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ እንጠይቅ።