የማንኪራ ደንና የሌሊት ወፍ እናት

ማንኪራ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ቡናን ነው። በካፋ ደን ማታ ማታ ለልጇ የምትደክመውን የሌሊት ወፍ ግን «ከአይጥም ከወፍም አይደለችም» ብለን ንቀናታል። እርስዋ ግን ጡት አጥቢ ናት፤ አብዛኞቹ ዐይነቶችም በአንድ ጊዜ የሚወልዱት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥራቸው አንዴ ከተመናመነ ቶሎ አይተካም።

የምታጠባ እናት ከወትሮው አብዝታ መብላት አለባት፤ ልጇን ትታ ርቃ መሄድ ግን ይቸግራታል። ስለዚህ ማደሪያዋና ምግቧ ሊቀራረቡ ይገባል።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ ተመዝግቧል። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዛፍ አያቆምም። ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ሲባል ውስጡ ክፍት የሆነ አሮጌ ዛፍ ቢቆረጥ፣ የእናቲቱ መንገድ ይረዝማል፤ ወተቷም ይጎድላል። ገበሬው ቡናውን ማልማቱ ተገቢ ነው። እኛ የምንለው፣ መጥረቢያ ከመነሣቱ በፊት ዛፉ የማን ቤት እንደሆነ ይጠየቅ ነው።